ለፊቴ የጾመች ቸርች

ይህን የምጽፍላችሁ ከቸርች ተመልሼ፣ የእሁድ ቀሚሴን እንኳን ሳላወልቅ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሆሳዕና ከተማ ያላችሁት ግማሾቻችሁ እስካሁን ሰምታችኋል። ያልሰማችሁት ደግሞ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው።

ዛሬ ማይክ ይዤ ተዋረድኩ!

ማን አስወጣሽ ትሉኝ ይሆናል። እናቴ ናት ያስወጣችኝ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ተናድጃለሁና ነገሩን አዘበራርቅባችኋለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ሆሳዕና ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለችኝ። እዚህ ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ስኪንኬር እለፈልፋለሁ። ጠዋት ምን፣ ማታ ምን፣ የቱ ይቀድማል፣ የቱ ይከተላል፣ እሱን። ሱቄ በር ላይ ባነር የለም፤ ባነሯ ፊቴ ነው። ሴቶቹ ሲገቡ መጀመሪያ እኔን ያያሉ፣ ከዚያ ነው ወደ መደርደሪያው የሚዞሩት። ፊቴ ላይ ብጉር የወጣ ቀን «ዛሬ ዝም ብዬ ላይ ነው የመጣሁት» ብለውኝ ይወጣሉ።

ባለፈው ወር እንግዲህ ቻይና ሄድኩ። የቡድን ጉዞ ነው፤ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአዲሎ የተሰባሰብን አሥራ አራት ነጋዴዎች። አምስት ቀን ቤጂንግ፣ አራት ቀን ደግሞ ሀርቢን፣ ማለትም ሰው በበረዶ ቤተ መንግሥት ሠርቶ በቲኬት የሚያስገባበት ከተማ። እኛ ጋ ፀሐይ አናት ሲበሳ እዚያ ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን ነው። ለምን በዚህ ወቅት ሄዳችሁ ትሉ ይሆናል።

ርካሽ ስለነበረ ነዋ!

ለፊቴ ግን አልሰሰትኩም። የፊት መታጠቢያ፣ ቶነር፣ ሁለት ዓይነት ሴረም፣ የዓይን፣ የከንፈር፣ ሰንስክሪን፣ እና የሁሉም እናት የሆነችውን ትልቋን ሞይስቸራይዘር ያዝኩ። ሻንጣ ቢጠፋስ ብዬ ሁሉንም በእጅ ቦርሳዬ አደረግኩ። ብልጥ ነኝ ብዬ እኮ ነው።

ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ትልቋን ወሰዱብኝ። ፈታሿ ፈሳሽ ነው አለችኝ። ክሬም ነው እኮ ብዬ ከፍቼ ገልብጬ አሳየኋት፣ ጠብ አይልም። ክሬምም ፈሳሽ ነው ብላ ጣለችው። ገና ጣት ያልነካው! ትንንሾቹ ጠርሙሶች ግን አለፉ። የሚያጥበውና የሚልጠው አብሮኝ በረረ፣ የሚያለሰልሰው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ቀረ።

ከትንንሾቹ አንዷን ታውቋታላችሁ። ያቺ አሲድ ያለባት ሴረም፣ ቡናማ ጠርሙስ፣ የሞተ ቆዳ የምታነሳው። እዚሁ ገጽ ላይ «ማታ ማታ ልጆች፣ ማታ ማታ!» እያልኩ ያስለመድኳችሁ። እንደ እሷ የሚሸጥልኝ ዕቃ የለም።

ስለ ቱሩ ብዙ አልላችሁም፣ እልህ ይይዘኛል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢጫ ባንዲራ የያዘ ጋይድ እየቆጠረ አውቶቡስ ውስጥ ይከተናል። ውስጥ ሂተሩ ያነፍራችኋል፣ ስትወርዱ ብርዱ ይገርፋችኋል፣ ሃያ ደቂቃ ፎቶ፣ ከዚያ ተመልሶ መነፈር። ሆቴሉም ያው ነው፤ ማታ ያጠባችሁት ካልሲ ጠዋት ደርቆ ይቆማል። የእኔም ፊት አብሮ ደረቀ።

እኔ ምን አልኩ? የሞተ ቆዳ ነው አልኩ። ስለዚህ ማታ ብቻ የነበረችውን ሴረም ጠዋትም አደረግኳት።

አዎ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ!

የክፍል ጓደኛዬ እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። አዲሎ ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ የሚነግዱ፣ አምስት ልጅ ያሳደጉ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሊያዩ የመጡ እናት ናቸው። የእሳቸው ስኪንኬር አንድ ዕቃ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ በሦስት ጨርቅ ተጠቅልላ የመጣች የቅቤ ብልቃጥ። ሰግደው ሲጨርሱ ጣታቸውን ነከር አድርገው ጉንጫቸውንና እጃቸውን ቀባ ቀባ ያደርጋሉ፣ አለቀ። ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። እኔ ደግሞ ቅቤ ለወጥ ነው ብዬ ቪዲዮ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው።

በሦስተኛው ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ስፈትግ ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ፊትሽን እንደ ድስት እየፈገፈግሽው እኮ ነው» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ይሄ ሳይንስ ነው አልኳቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ብልቃጣቸውን ከደኑ።

ሀርቢን የገባን ቀን በረዶው ቤተ መንግሥት ፊት ለእናንተ ቪዲዮ ልሠራ ሻርፔን ከፊቴ አወረድኩ። ስልኬ በብርዱ ጠፋ። ብብቴ ውስጥ አሙቄ ከፈትኩት፣ ሻርፔን አወረድኩ፣ ጠፋ። እንደገና። ሦስት ጊዜ! ቪዲዮ የሚባል የለም፣ ፊቴ ግን ሦስት ጊዜ ተገርፏል። ማታ ደግሞ ሴረሟን ደረብኩበት። አቃጠለኝ። ካቃጠለ እየሠራ ነው የምል ሰው ነበርኩ፤ ለእናንተም እንደዚያ ብያችኋለሁ።

ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ከፊሉ ጠቁሮ ከፊሉ ቀልቶ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። የከንፈሬ ግራና ቀኝ ተሰንጥቋል። ጋይዱ አውቶቡስ በር ላይ ሲቆጥር እኔ ጋ ሲደርስ ቆመና ዝርዝሩን አየ። የሌላ ቡድን ሰው ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስድስት ቀን አብሮኝ የዋለ ሰው! ባንዲራውን ቀምቼ በእሱ ፊቴን ብሸፍን ደስ ባለኝ።

ያን ቀን ሳልሄድ ክፍል ቀረሁ። የሴረሟን ካርቶን አውጥቼ ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ሳነበው የመጀመሪያዬ ነው። በሳምንት ሁለቴ ብቻ ይላል። ቆዳ ከተቆጣ ወዲያው ያቁሙ ይላል።

በሳምንት ሁለቴ!

አሁን የምነግራችሁ የማፍርበትን ነው። ያንኑ ዕለት እዚህ ገጽ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ እችል ነበር። ዋይፋይ ነበረ፣ ጣትም ነበረኝ። አልጻፍኩም። አንድ ትልቅ ካርቶን ሴረም አዝዤ በመንገድ ላይ ነበር፣ ደግሞም ማን በእኔ ቃል ከዚያ በኋላ ይገዛል ብዬ ፈራሁ። ሀገሬ ስገባ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ።

ይሄኔ ነው እማዬ የደወለችው።

ሦስት ቀን ድምፄን ስላልሰማች ቪዲዮ ካልሆነ አላምንም አለች። ሂተሩን ላሳይሽ ብዬ ካሜራውን ወደ ጣሪያው ባዞረውም እሷ እንዲህ አይነቱን ታውቃለች። ፊትሽን አሳዪኝ አለች። አሳየኋት።

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለችኝ።

ብርዱ ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? እሷም ብርድ እንዲህ አይልጥም ብላ በሀዲይኛ አንድ ሁለት ነገር ተናግራ ዘጋችው።

ሰዓት አልሞላም፣ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። የቸርቻችን የጸሎት ግሩፕ ቴሌግራም ላይ አለ፤ እኔም አባል ነኝ። እማዬ ስክሪንሾት አታውቅም፤ ለካ እያወራን ጎረቤታችን በራሷ ስልክ የእማዬን ስልክ ፎቶ ታነሳ ነበር። ያ የተላጠ ፊቴ፣ ግማሽ አፌ ተከፍቶ፣ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ «በቻይና ሀገር የምትገኘው እህታችን ፊቷ ባልታወቀ ነገር ስለተመታ ከረቡዕ እስከ ዓርብ በጾም በጸሎት እናስባት» ይላል።

ባልታወቀ ነገር! እኔ አውቀዋለሁ እኮ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ያየኛል!

ፎቶውን አጥፉልኝ ብዬ ለእማዬ ጻፍኩ። ለእግዚአብሔር የሚደበቅ ነገር የለም አለችኝ። እግዚአብሔርን መች ፈራሁ፣ ግሩፑን እንጂ። ሆመቾ ያሉ እህቶች እኛም እንጾማለን ብለው ጻፉ። ከፎንቆ አንዱ ወንድም ይተላለፋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ «እንዲህ ያለ ቆንጆ ፊት ነበራት!» ብላ አለቀሰች፤ እንደ ሞተ ሰው «ነበራት» ተባለልኝ እኮ።

የሚጾሙልኝ ግማሾቹ ከእኔ ሱቅ የሚገዙ ናቸው። ሴረሙ ነው ልበላቸው? ዝም አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ከፋብሪካው ሲመለሱ አልጋ ላይ ተጠቅልዬ አገኙኝ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ብልቃጣቸውን ፈቱ። እኔም ፊቴን ሰጠኋቸው። ቀስ አድርገው እየቀቡኝ ያን ጠርሙስ ብቻ ተይው አሉኝ። አለቀስኩ፣ ከሕመሙ አይደለም። ከሳቅኩባቸው ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ቂም ሲይዙብኝ አላየሁም፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ሴረሙን ተውኩ፣ ቅቤውን ተቀባሁ፣ እየቀለለኝ መጣ። ቆዳ ሲተዉት ያገግማል። ማክሰኞ ሆሳዕና ስገባ የቀረችው ከንፈሬ ጥግ ያለች ጭረት ብቻ ናት።

ቤታችን ግን ሰው ሞላ። እንኳን ደህና መጣሽ የሚለኝ የለም፤ ሁሉም አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ ያዞረኛል። ጌታ ይባረክ ይላል፣ ለሚቀጥለው ያስረክበኛል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ረቡዕ እንዲህ ነበረች፣ ዓርብ እንዲህ ሆነች እያለች ታስረዳለች። ረቡዕ እኮ እኔ ቅቤ ተቀብቼ ተኝቻለሁ! ግን እንዴት ደስ እንዳላት ብታዩ፣ እናንተም አፋችሁ አይከፈትም።

መንገድ ሄዶ በሰላም የተመለሰ ሰው እሁድ ወጥቶ ምስክርነት መስጠቱ እኛ ጋ የታወቀ ነው። እኔ ድካሜን ሰበብ አድርጌ ለማለፍ አስቤ ነበር። እማዬ ግን ሳትጠይቀኝ አስመዝግባኝ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት ፓስተራችን ስሜን ሲጠራ ከኋላዬ ወገቤን ገፋ አደረገችኝ።

ወጣሁ። ማይክ ያዝኩ። ያዘጋጀሁት አጭር ነው፦ ብርዱ ከባድ ነበር፣ ጌታ ረዳኝ፣ ስለጸለያችሁልኝ ተባረኩ። ውሸት የለበትም አይደል? በየቃሉ ብትመረምሩት የለበትም።

እልልታው ቀለጠ። ፓስተራችን ማይኩን ተቀብሎ «ምንም መድኃኒት ሳይነካት ዳነች!» አለ። ወደ እኔ ዞሮም አይደለም ወይ በሚል ዓይን አየኝ።

ነቀነቅኩ።

ራሴን ነው የነቀነቅኩት፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ በጉባኤው ሁሉ ፊት። ይሄን ማንም ገፍቶኝ አይደለም።

ከመድረኩ ልወርድ ስዞር መዘምራኑን አየሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ምህረት አለች። መምህርነት የምትማር፣ ድምጿ የሚያምር፣ ትንሽ ዓይን አፋር ልጅ ናት። ሁለት እጇን አንስታ እያለቀሰች ታመሰግናለች፣ ስለ እኔ። ጉንጯ ላይ ፓውደር ወፍራም አድርጋለች፤ እንባዋ የወረደበት መስመር ላይ ግን ፓውደሩ ታጥቦ ቆዳው ታየ። ጠቁሯል፣ ተልጧል። የከንፈሯ ግራና ቀኝ ተሰንጥቋል።

ያንን ፊት ሀርቢን መስታወት ውስጥ አይቼዋለሁ። ቡናማውን ጠርሙስ ከመሄዴ በፊት በገዛ እጄ ነው በፌስታል ያደረግኩላት፤ ማታ ማታ ብዬ።

ማይኩን ከፓስተሩ እጅ መልሼ ወሰድኩት። ነጠቅኩት ብል ይቀላል።

ምን ምን እንዳልኩ በቅጡ አላስታውስም። ብርድ ብቻ አይደለም አልኩ። ፊቴን የላጠው የምሸጥላችሁ ሴረም ነው፣ በሳምንት ሁለቴ የሚለውን ማታ ማታ ብዬ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፣ ሀርቢን ላይ አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። እዚህ ቤት የምትቀቡት ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙ አልኩ። ስፒከሩ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል አጉልቶ በራፍ ድረስ ያሰማል።

ፓስተሩ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

ከዚያ እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ማይክ አያስፈልጋትም።

«ሦስት ቀን የጾምኩት ለጠርሙስ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! ፓስተሩ ሳቀ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሳቀ፣ ከሆመቾ ድረስ የመጡት እህቶች አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ አዛውንት ታዲያ በምን ዳንሽ ብለው ጠየቁኝ። አንዲት የአዲሎ ሙስሊም እናት ቅቤ ቀብተውኝ አልኩ። «ጌታ ይባርካቸው» አሉ አዛውንቱ፣ ቤቱም አሜን አለ። እኔ የሴረም ባለሙያዋ መድረክ ላይ ቆሜ ለቅቤ አሜን አልኩ።

ተናድጃለሁ አላልኳችሁም? ተናድጃለሁ። ፎቶዬን በለጠፈችው ጎረቤት ተናድጃለሁ። ሳታስፈቅደኝ ባስመዘገበችኝ እናቴ ተናድጃለሁ። ክሬሜን በጣለችው ፈታሽ አሁንም ተናድጃለሁ። ከቸርች ስወጣም ይህን ሁሉ በልቤ እየደረደርኩ ነበር የምሄደው፤ ሴቶቹ ግቢው ላይ ከበውኝ አንዷ ትቆጣኛለች፣ አንዷ ነገ ጠርሙሱን አመጣልሻለሁ ትለኛለች፣ አንዷ አሁንም ሳቋ አላለቀም።

ምህረት መጨረሻ ላይ መጣች። ሰው እስኪሄድ ጠብቃ ነው። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ እኮ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ያንቺ ሲድን የእኔ ያልዳነው እምነቴ ጎድሎ መስሎኝ ነበር።»

ማታ ማታ ሴረሙን ተቀብታ፣ ሲያቃጥላት ተንበርክካ ጌታን ይቅር በለኝ ትለው ነበር አለችኝ። ምን እንደበደለች ግን ታስባለች ታስባለች፣ አይመጣላትም።

ያን ሁሉ የደረደርኩትን ንዴት የት እንዳደረግኩት አላውቅም። እቅፍ አደረግኳት፣ ጉንጯን እንዳልነካባት እየተጠነቀቅኩ። እሷ አይዞሽ አለችኝ። እሷ እኔን!

እና ጠርሙሱ ያላችሁ አቁሙ፣ አምጡልኝ፣ ገንዘባችሁን እመልስላችኋለሁ። ፊታችሁ የተላጠባችሁ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠቡና ተዉት፣ ከባሰም ሐኪም ጋ ሂዱ እንጂ እኔን አትጠይቁኝ። ይሄን ማለት የነበረብኝ ያን ቀን ሆቴል ውስጥ ነበር።

ለደረቀ፣ ለወዛ፣ ለተሰነጠቀ፣ ለጠቆረ፣ ለሁሉም የሚቀባ አለ እያልኩ ስለፈልፍላችሁ ኖሬያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተንበርክካ ይቅርታ ስትለምን ለከረመች ልጅ ግን ምን እንደሚቀባ አላውቅም።

ከእናንተ የሚያውቅ አለ?